መንገድ የጠፋባቸው አረጋዊ ስናገኝ ምን እናድርግ?



በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ አይገኝም። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ወይም ራሽን ለመቀበል ስንሰለፍ ማናችንንም ሊያጋጥመን ይችላል። ይኸውም ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ምናልባትም ቋንቋቸውን የማንሰማው አንድ አዛውንት ወይም አንዲት አሮጊት ግራ ገብቷቸው መንገድ ላይ ብናገኛቸው ምን ማድረግ ይገባናል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ከመናገሬ በፊት በራሴ ልጀምር።

አንድ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ለከሰዓት በኋላው ክፍለ ጊዜ ስቸኩል አንዲት እናት አስቆሙኝ። በተቆራረጠ አማርኛ «ልጄ፣ ወፍጮ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ወፍጮ ቤቱ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ስለሆነ አቅጣጫውን በእጄ አመለከትኳቸውና አለፍኩ። ከአንድ ጨዋ ሰው የሚጠበቀውን ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

እኒያ እናት ወፍጮ ቤት አልደረሱም። ሲመሻሽ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ውኃ ቀድታ ስትመለስ ወንዙ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ወሬው ሲደርሰኝ ከቀትር ላይ ያየሁትን አንድ በአንድ አስታወስኩ። እግራቸው ባዶ ነበር። በዚያ የሚያቃጥል ፀሐይ ብርድ እንደያዘው ሰው ወፍራም ጋቢ ተከናንበዋል። በእጃቸው ጆንያ የለም፣ ዘንቢል የለም፣ አንድ ጣሳ እህል እንኳ የለም። እህል ያልያዘ ሰው ወፍጮ ቤት ምን ያደርጋል? ይህን ሁሉ ዓይኔ አይቶታል፤ እኔ ግን አላስተዋልኩትም። ጥያቄያቸውን መለስኩ እንጂ እሳቸውን አላየሁም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ያጠፋሁትን እናንተ እንዳትደግሙት፣ ያቺ ተማሪ ያደረገችውንም ሁላችን እንድንማርበት ነው።

«ጃጅቷል» ብሎ መደምደም የሚያስከትለው ጉዳት

በአገራችን ልማድ አንድ አረጋዊ ነገር ሲዘነጋ ወይም ሲያቀላቅል «ጃጅቷል» እንላለን። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «አብዷል»፣ «ሰክሯል»፣ «ተለክፏል» ይላል። «ካረጁ አይበጁ» የሚል ተረትም አለን። እነዚህ አባባሎች የተለያዩ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ጉዳዩን ይዘጉታል። አንድን ሰው «ጃጅቷል» ብለን ከደመደምን በኋላ ሐኪም ዘንድ ሊወስደው የሚነሳ አይገኝም። «ሰክሯል» ካልንም ከፀሐይ ላይ የሚያነሳው አይኖርም።

እርጅና ራሱ በሽታ አይደለም። ብዙ አረጋውያን 80 ዓመት አልፏቸውም የልጅ ልጆቻቸውን ስምና የተወለዱበትን ቀን ሳያዛንፉ ይናገራሉ። አንድ አረጋዊ ያሉበትን ቦታ፣ ጊዜውን ወይም የቅርብ ሰዎቻቸውን መለየት ካቃታቸው ግን ምክንያት አለው ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ይህን መደናገር በሁለት ከፍለው ይመለከቱታል። ልዩነቱን ማወቅ የሰው ሕይወት ስለሚያድን ጠንቅቃችሁ ያዙት።

ሀ/ በድንገት የሚመጣ መደናገር

ይህ በጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ የሚመጣ ነው። ሰውየው ባለፈው ሳምንት ደህና ነበሩ፤ ዛሬ ግን ንግግራቸው ተዘበራርቋል። አንዴ ሻል ይላቸዋል፣ አንዴ ይብስባቸዋል። አንዳንዶቹ ይቅበጠበጣሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዝም ብለው ይፈዛሉ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። የፈዘዙት ስለማይጮኹ «አርፈዋል» ተብለው ይታለፋሉ፤ ነገር ግን የእነሱም ሕመም እኩል አሳሳቢ ነው።

መነሻው ብዙውን ጊዜ ሌላ የሰውነት ሕመም ነው። ለምሳሌ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በሰውነት ውስጥ የውኃ ማነስ፣ የፀሐይ ሙቀት፣ በስኳር በሽተኞች ላይ የሚደርስ የደም ስኳር መውረድ፣ ከወደቁ በኋላ የሚከተል የጭንቅላት ጉዳት፣ እንዲሁም ከመጠን በላይ የተወሰደ ወይም ያልተስማማ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በአረጋውያን ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ሳለ ትኩሳቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ከትኩሳቱም ከሳሉም በፊት መጀመሪያ የሚታየው ምልክት መደናገሩ ሊሆን ይችላል።

በዕድሜ የገፋ ሰው የውኃ ጥም ስሜቱም ይቀንሳል። ሰውነቱ ውኃ እያነሰው እሱ ግን አልጠማኝም ይላል። እንደ ካኩማ ባለ ሞቃትና ደረቅ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር፣ በድንገት የመጣ መደናገር በአብዛኛው ሊታከም የሚችል መሆኑ ነው። ቀን በባከነ ቁጥር ግን ይገድላል።

ለ/ ቀስ በቀስ የሚመጣ መደናገር

ይህ በወራትና በዓመታት ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ ነው። በተለምዶ የመርሳት በሽታ ይባላል። ከዓይነቶቹ መካከል በብዛት የሚታየው የአልዛይመር በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው አሎይስ አልዛይመር ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ እሱም የበሽታውን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚባለው ስሕተት ነው።

ይህን በሽታ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም ሰውየው በክብርና በሰላም እንዲኖሩ ማድረግ ይቻላል። ይህ ደግሞ ከሐኪም ይልቅ በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ያለ ነገር ነው።

ሁለቱ አንድ ላይ ሊመጡ እንደሚችሉም አትርሱ። ለዓመታት ሲረሱ የኖሩ እናት በሁለት ቀን ውስጥ በጣም ከባሰባቸው «ያው የለመደባቸው ነው» ተብሎ መተው የለበትም። የባሰው ነገር ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

የቅርቡ ይጠፋል፣ የጥንቱ ይቆያል

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «የልጅነታቸውን ነገር እያስታወሱ የዛሬውን ቁርስ እንዴት ይረሳሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። በአልዛይመር በሽታ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር ለመመዝገብ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ የሰሙት አይያዝላቸውም። ከ50 ዓመት በፊት ደጋግመው የኖሩት ነገር ግን ሥር ሰዶ ስለተቀመጠ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ይህ በስደተኛ ላይ ሲደርስ ልዩ መልክ ይይዛል። ካምፓችን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992፣ በእኛ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በ40 ዓመታቸው የመጡ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፏቸዋል። የካምፑ መንገድ፣ የብሎኩ ቁጥር፣ የራሽን ካርዱ ለእሳቸው ዘግይተው የመጡ ነገሮች ናቸው። ትዝታ ሲሸረሸር ቀድመው የሚሄዱት እነዚሁ ናቸው። የሚቀረው የትውልድ ቀያቸው ነው። በዚህ ምክንያት ገዛ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው «በሉ ወደ ቤቴ ልሂድ» ሊሉ ይችላሉ። «ቤቴ» የሚሉት ጎንደር፣ ወለጋ፣ ቦር፣ ባይዶዋ ወይም ኡቪራ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በትራቸውን ይዘው ይነሳሉ።

እንግዲህ መንገድ ላይ ያገኘናቸው አረጋዊ ዝም ብለው የሚንከራተቱ አይደሉም። ወደ አንድ ቦታ እየሄዱ ነው። ቦታው ግን እዚህ የለም። ስለ ስደት ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊያስቅ የሚችል ነገር አይደለም።

በምን እናውቃለን?

የሚከተሉትን ምልክቶች ስታዩ ቆም ብላችሁ አስተውሉ፦

1ኛ/ አለባበሳቸውና የያዙት ነገር ከሰዓቱና ከሚሉት ጋር አልገጥም ካለ። በቀትር ጋቢ መከናነብ፣ አንድ እግር ብቻ መጫማት፣ ያለ እህል ወፍጮ ቤት መጠየቅ የመሳሰሉት ናቸው።

2ኛ/ አንዱን ጥያቄ ለተለያየ ሰው ወይም ለአንድ ሰው ደጋግመው ከጠየቁ።

3ኛ/ የሌለ ነገር ከፈለጉ፤ ለምሳሌ «ጥጃዎቹ አልገቡም» እያሉ ከተጨነቁ።

4ኛ/ አንድ ቦታ ቆመው ወዲያና ወዲህ ከተመለከቱ፣ ወይም ጥቂት ሄደው ከተመለሱ።

5ኛ/ ሰው ወደማይሄድበት አቅጣጫ፣ በተለይም ወደ ወንዙ ወይም ከካምፑ ውጭ ወዳለው ሜዳ ካመሩ።

በተለይ ማምሻው ላይ ንቁ ሁኑ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መደናገራቸው ይጨምራል፤ «መሸብኝ፣ ልሂድ» የሚሉትም ያን ጊዜ ነው።

የወንዙ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ታራች ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ነገር ግን ራቅ ባለ ቦታ ዝናብ ሲጥል በእኛ ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ እንኳ ጎርፉ በድንገት ሊደርስ ይችላል። ወንዙ ውስጥ የተቀመጠ አረጋዊ ያየ ሰው «ነገ እጠይቃለሁ» ማለት አይችልም።

ምን እናድርግ?

ያቺ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገችውን መሠረት አድርገን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛ፦ ብቻችሁን አትሁኑ። ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው ታናሽ ወንድሟን ወደ ቅርቡ ቤት ልካ ትልቅ ሰው ማስጠራት ነው። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ይቆይ፣ አንዱ ይሂድ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ በአካባቢው ያለውን ትልቅ ሰው ተጣሩ። ልጆች ሆይ፣ የማታውቁትን ማንንም ሰው ብቻችሁን ተከትላችሁ ሰው ወደማይታይበት ቦታ አትሂዱ። ርዳታ ማለት ራስን አደጋ ላይ መጣል አይደለም።

ሁለተኛ፦ ከፊት ለፊት ቅረቡ። ከኋላ መጥቶ ክንድ መያዝ ያስደነግጣል። እጃችሁ ባዶ መሆኑ ይታይ። ከተቀመጡ እናንተም ተቀመጡ፤ ከላይ ሆኖ የሚናገር ሰው ያስፈራል። እንደ ወጋችን ሰላምታ አስቀድሙ። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ የዚህ ሰፈር ልጅ ነኝ» በሉ። ስማችሁንም ንገሯቸው።

ሦስተኛ፦ ከፀሐይ አውጧቸው። የግራር ጥላም ቢሆን፣ የዳስ ጥግም ቢሆን ይበቃል። ወንዝ ውስጥ ከሆኑ በመጀመሪያ ወደ ዳር ማውጣት ነው። መራመድ ካቃታቸው ትልልቅ ሰዎች ይሸከሟቸው።

አራተኛ፦ ውኃ ስጧቸው። ነቅተው ከሆነና ኩባያውን ራሳቸው መያዝ ከቻሉ ጥቂት በጥቂት እንዲጠጡ አድርጉ። ከፈዘዙ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ግን ምንም ነገር በአፋቸው አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በጎናቸው አስተኝታችሁ ርዳታ ጥሩ።

አምስተኛ፦ አጭር ጥያቄ አንድ በአንድ ጠይቁ፣ ከዚያም ጠብቁ። «ማን ነዎት? ከየት መጡ? ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ብሎ ማከታተል የበለጠ ያደናግራል። «ምን እየፈለጉ ነው?» የሚለው ጥያቄ ጥሩ መጀመሪያ ነው። መልሱ ብዙ ነገር ያሳያል።

ስድስተኛ፦ አትሟገቱ። «ጥጃዎቹን ላስገባ» ላሉ አዛውንት «ከብት የለዎትም፣ እዚህ ካምፕ ነው» ብትሏቸው ወይ ይቆጣሉ ወይ ያዝናሉ። እንደ አዲስ መርዶ የሚሰሙትም አሉ። ውሸት መናገርም አያስፈልግም። ያቺ ተማሪ ስለ ወፍጮ ቤቱ ሲጠይቋት «እማማ፣ ዛሬ መሽቷል፤ እስኪ አብረን እንረፍ» ነበር ያለቻቸው። እውነት ነው፣ ደግሞም ያረጋጋል። «ስለ ጥጃዎቹ ይንገሩኝ» ማለትም ይቻላል። መሄድ ከፈለጉ መንገድ ከመዝጋት ይልቅ አብሮ ጥቂት ተራምዶ ቀስ ብሎ ወደ ሰው ቤት መመለስ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ የማን እንደሆኑ ፈልጉ። የብሎኩን መሪ፣ በየብሎኩ የሚዞሩትን የጤና ሠራተኞች፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ጠይቁ። የራሽን ካርድ ወይም ወረቀት ይኖራቸው እንደሆነ መፈተሽ ካስፈለገ ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባሉበት፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ ይሁን። ኋላ «ጠፋ» የሚባል ነገር እንዳይኖር ይጠቅማል።

ስምንተኛ፦ ለሌላ ሰው ሳታስረክቡ አትሂዱ። መንገድ አሳይቶ መሄድ ርዳታ እንዳልሆነ ከእኔ ተማሩ። ግራ የገባው ሰው አቅጣጫውን ቢሰማም ከአሥር እርምጃ በኋላ ሊረሳው ይችላል።

ማድረግ የሌለብን

መሳቅ፣ መከተልና ድንጋይ መወርወር ነውር መሆኑን መናገር አያስፈልግም። ሌሎች ግን በደግ ልብ የምንሠራቸው ስሕተቶች አሉ።

ሰው አትሰብስቡ። በሃያ ሰው የተከበበ አረጋዊ የታሰረ ይመስለዋል። «ዘርዎ ምንድን ነው?» ብላችሁም አትጠይቁ። ብዙዎቻችን ከአገራችን ያስወጣን ያ ጥያቄ ነው። ቋንቋቸውን ለማወቅ ከፈለግን በሰላምታ ማወቅ ይቻላል። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲመጣ ቢደነግጡ አትገረሙ፤ የሚያስታውሱት ሌላ ዘመን ሊሆን ስለሚችል አንድ የለመዱት ሰው አጠገባቸው ይቆይ።

በስልክ ፎቶ አንስቶ መበተን ደግሞ የዘመኑ ስሕተት ነው። ሰው ለማፈላለግ የሚረዳ ይመስላል። ሆኖም ስደተኛ ከሚፈልገው ሰው ተሸሽጎ የሚኖር ሊሆን ይችላል። ስሙና መልኩ የት እንደሚደርስ አናውቅም። ፎቶ የግድ ካስፈለገ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሠራተኞች ይወስኑ።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ዘመድ እስኪገኝ መጠበቅ አይገባም፦

— ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ በፍጥነት መተንፈስ፣ ወይም ሰውነታቸው ሲነካ እንደ ምጣድ መጋል። በሙቀት ከሆነ ልብሳቸውን አላልታችሁ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዟቸው፣ አራግቡላቸውም።

— የፊት አንድ ጎን መውረድ፣ አንድ እጅ መስነፍ ወይም ንግግር መኮላተፍ። ይህ በአንጎል የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ የተባለው ሕመም ምልክት ነው። ፈገግ እንዲሉና ሁለቱንም እጆቻቸውን እንዲያነሱ ጠይቁ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል።

— ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድካም፣ በተለይ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ። ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፤ ጣፋጭ ሻይም ይሆናል።

— ከወደቁ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቁስል ወይም እብጠት ከታየ፣ ካስመለሳቸው።

— ሲጠሯቸው የማይነቁ፣ ወይም እየደጋገሙ የሚያንቀላፉ ከሆነ።

የመጠጥ ሽታ ቢኖርም እንኳ እነዚህ ምልክቶች ካሉ መጠጡ ነው ብላችሁ አትተዉ። የጠጣ ሰውም ይታመማል፣ ይወድቃል።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «አሮጊት ናቸው፣ ይረሳሉ» ብቻ አትበሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ካለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ?» የሚለውን ጠይቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው መረጃ ይኸው ነው።

ቋንቋ ሳንግባባስ?

በካምፓችን ብዙ ቋንቋ ይነገራል። በመርሳት በሽታ የተያዘ ሰው ደግሞ ኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊረሳ ይችላል። አማርኛ አሳምረው ይናገሩ የነበሩ አዛውንት በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። ንቀት አይደለም።

አንድ ቃል እንኳ ብታውቁ ይጠቅማል። ውኃ በኪስዋሂሊ «ማጂ»፣ በሶማሊኛ «ቢዮ»፣ በኦሮምኛ «ቢሻን»፣ በሱዳን ዓረብኛ «ሞያ»፣ በትግርኛ «ማይ» ይባላል። በኪስዋሂሊ አዛውንትን «ምዜ»፣ እናትን «ማማ» ብሎ መጥራት የአክብሮት ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ የቱርካና አረጋዊም መንገድ ሊጠፋባቸው ይችላል፤ «ኤጆክ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ያረጋጋቸዋል። ምንም ቃል ባይኖር ውኃ በሁለት እጅ ማቅረብ ሁሉም የሚረዳው ቋንቋ ነው።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ በቤታችሁ የሚረሱ አረጋዊ ካሉ ነገሩን አትደብቁት። ጎረቤት ካላወቀ ከበር ሲወጡ ማን ይመልሳቸዋል? የብሎኩን ቁጥርና የአንድ ዘመድ ስልክ በጨርቅ ላይ ጽፋችሁ በልብሳቸው ውስጠኛ ክፍል ስፉት። ሙሉ ስምና የትውልድ ቦታ መጻፍ ግን አያስፈልግም። ቢጠፉ መናገር እንድትችሉ ጠዋት የለበሱትን ልብ በሉ። ሳይጠይቋችሁ በየጊዜው ውኃ አቅርቡ። ማምሻው ላይ መነሳት የሚወዱ ከሆነ በዚያ ሰዓት አንድ ሰው አብሯቸው ይቀመጥ፤ ቡና መውቀጥን ወይም እህል መልቀምን የመሰለ የለመዱትን ሥራ ስጧቸው። በገመድ ማሰርና በር መቆለፍ መፍትሔ አይደለም፤ እሳት ቢነሳ መውጫ አይኖራቸውም።

ሲጠፉ ደግሞ አትፈሩ፣ አትዘግዩም። «ራሳቸው ይመለሳሉ» ብሎ እስኪጨልም መጠበቅ አደገኛ ነው። መጀመሪያ ቀድሞ የኖሩበትን ብሎክና አዘውትረው የሚሄዱበትን ቦታ፣ ቀጥሎ ወንዙንና ቦኖዎቹን ፈልጉ።

የእኒያ እናት መጨረሻ

ልጅቷና ጎረቤቶቿ እኒያን እናት ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ደማቸው ሲታይ ወባ ነው። ከባድ ስለነበረ አስተኝተው በመርፌ አከሟቸው። ቤተሰባቸው በማግስቱ ሲገኝ «ሁለት ቀን ሙሉ ሲቀላቅሉ ነበር፤ እርጅና ነው ብለን ተውነው» አሉ። እኔም ያው እንደነሱ ነበርኩ፤ ልዩነቱ እነሱ ሁለት ቀን፣ እኔ ሁለት ደቂቃ መሆኑ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስማቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም፣ የብሎካቸውን ቁጥር ሳያዛንፉ ይናገራሉ። ጃጅተው አልነበረም፤ ታመው ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው ግን መንገድ የጠየቁኝን ጨርሶ አላስታወሱም። ቡና ካጠጡኝ በኋላ «በል ተነስ፣ ልጆቹ ይጠብቁሃል» ብለው ሸኙኝ።

በአባቶቻችን ወግ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባል ነበር። ከየት መጣህ ከመባሉ በፊት እግሩ ይታጠባል። እኛ ዛሬ የራሳችን ቤት የለንም እንል ይሆናል። ሆኖም ጥላ አለን፣ ጥቂት ውኃ አለን፣ አብሮ ለመቀመጥ የሚሆን ጊዜም አለን። መንገድ የጠፋበት ሰው ከዚህ የበለጠ ብዙ አይጠይቅም። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ነግ በእኔ ማለትም የሁላችን ግዴታ ነው።

ለክፍል ውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በድንገት የሚመጣ መደናገርና ቀስ በቀስ የሚመጣ መደናገር በምን ይለያያሉ? ለእያንዳንዱ አንድ ምሳሌ ስጡ።

2. የጽሑፉ አዘጋጅ እኒያን እናት ሲያገኝ ሊያስተውላቸው ይገባ የነበሩ ሦስት ምልክቶችን ጥቀሱ።

3. አንድ አዛውንት «ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ» ቢሏችሁና ልጃቸው ትልቅ ሰው መሆኑን ብታውቁ፣ ሳትዋሹና ሳትሟገቱ ምን ትላላችሁ? ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተለማመዱት።

4. በብሎካችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ አሉ? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል? በየትኛው ቀን?

የ4ኛውን ጥያቄ መልስ በደብተር ሳይሆን በሥራ እንድታሳዩን እንጠብቃለን።

ቸር ይግጠመን።